የጠማቸው እንቁላሎች

መርካቶ፣ ከሰባተኛ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር የምኖረው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ በግድግዳ የተያያዙ ጠባብ ቤቶች። ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል ከተባለ ጀምሮ ጎረቤቱ ምትክ ቤት በደረሰው ቁጥር እየለቀቀ ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ አንድ ሰው ሲሄድ ግቢው በሙሉ ያለቅስ ነበር። ዕቃ እናወጣለን፣ እስከ መኪናው እንሸኛለን፣ አንገት ለአንገት ተያይዘን እንቆማለን። በኋላ በኋላ ለቅሶውም ሰለቸን። ከሥራ ስገባ የአንዱ በር መጋረጃ ወርዶ አገኛለሁ፤ በቃ፣ ሄደዋል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እኔና ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ። እኔ መርካቶ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ማሽኔን ዘርግቼ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እናቴን እዚያው ቤት አስታምሜ ነው የቀበርኩት። ጎረቤቴ ደግሞ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ባላቸው ሲሞትባቸው ጫጩት እያስፈለፈሉ በመሸጥ አንድ ልጃቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው፣ ፀጉሬ ከሸበተም በኋላ፣ አንቺ ልጅ ይሉኛል። በሁዳዴ ምስር ክክ ሠርተው ግድግዳውን በቡጢ ይመቱልኛል፤ በረመዳን መግሪብ ሲደርስ እኔ ሾርባ ይዤ እገባላቸዋለሁ። ሌላ ዘመድ አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማስፈልፈያቸውን የሠራላቸው አንድ የምን አለሽ ተራ ባለሙያ ነበር። የተበላሸ ፍሪጅ ሆዱን አውጥቶ፣ አምፖሎችና ትንሽ ማራገቢያ ገጠመለት፤ ሙቀቱ ሲበዛ የሚያጠፋ፣ ሲያንስ የሚያበራ መቆጣጠሪያም አለው። በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት አለች። ከታች፣ ከእንቁላሎቹ ሥር፣ ውሃ የሚጨመርበት ሰፊ ሳህን ተቀምጧል። ለዓመታት ያ ማራገቢያ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲያጉረመርም ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

የእትዬም ተራ ደረሰ። ልጃቸው አይሱዙ ይዞ መጣና አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ ምጣዱን ጫነ። ማስፈልፈያው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነው አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው? ቢወጣስ ጎረቤቱ ምን ይለናል?»

እትዬ ማሽኑን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ውሰጂው» አሉኝ። «ሙቀቱን እሱ ራሱ ይጠብቃል። ውሃውን ነው አንቺ የምትጠብቂው።»

አይሱዙው መንገድ ላይ ከተሸካሚዎቹና ከጋሪዎቹ መሀል እየተጋፋ ሲወጣ ከኋላው ተከተልኩት። እትዬ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ነበር። ጨብጬ ጥቂት ሄድኩና መኪናው ሲፈጥን ለቀቅኳቸው።

መርካቶ ውስጥ ዝምታ አለ ብል የሚያምነኝ የለም። ግን መተላለፊያውን አልፌ ግቢው ውስጥ ስገባ የገበያው ጩኸት ሁሉ ከኋላዬ ይቀራል። የቧንቧው ጠብታ፣ የቆርቆሮው መንቋቋት፣ ከዚያ ሌላ ምንም። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ሲስቁ የባሰ ይከፋኛል፣ እዘጋዋለሁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ከአንድም ሰው ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ጊዜ ነበር። ሰኞ ሱቁ ደጅ ደርሼ «እንደምን አደራችሁ» ስል ድምፄ ይሻክርብኛል።

ማስፈልፈያውን የለኮስኩት ማራገቢያው ስለናፈቀኝ ነው። መጀመሪያ ባዶውን አበራሁት። ባዶ ማሽን እያበሩ መቀመጥ ደግሞ ለራሴም አሳፈረኝና ከገጠር የሐበሻ እንቁላል ከምታመጣ ሴት፣ አውራ ዶሮ ካላቸው ቤቶች የተለቀመ እንቁላል ገዝቼ ደረደርኩበት። ወሩ ጥር ነበር፤ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ ይነፍስ ነበር።

ሙቀቱ አልተዛነፈም። ሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ ላይ እንደተቸነከረ ሰነበተ። ጠዋትና ማታ እንቁላሎቹን እገለብጣለሁ፤ ውሃውን ግን ትዝ ሲለኝ ነበር የምጨምረው። ሙቀቱ ልክ ከሆነ ሌላው ምን ችግር አለው ብዬ።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የተወሰኑት ቅርፊታቸውን ከውስጥ ሰበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ውስጥ የምትንቀሳቀስ ምንቃር። ጮኹ። ቁርሴን ሳልበላ መስታወቱ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ። በማግሥቱ አንዱም አይጮኽም። እየፈራሁ አንዱን ሰብሬ አየሁት። ላባው፣ ጥፍሩ፣ ዓይኑ፣ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ግን እንደ ወረቀት ደርቆ ገላው ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ጠባብ ልብስ አንቆ ይዞታል። ሌላውም እንደዚያው። ሌላውም። በቁራጭ የመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልዬ መሬቱ እርጥብ በሆነበት፣ ቧንቧው ሥር ቀበርኳቸውና ወደ እትዬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሙቀቱ እኮ ልክ ነበር» አልኩ።

«ውሃውስ?»

ዞር ብዬ ሳህኑን አየሁት፤ ደርቋል።

«አይ አንቺ ልጅ። ጠምቷቸው ነው። እንቁላል እኮ ቅርፊቱ ቀዳዳ ነው፣ ይተነፍሳል። የዚህ ወቅት አየር ደረቅ ነው፤ ከሆዱ ውሃውን መጦ መጦ ይጨርሰዋል። ሽፋኑ ደርቆ ሲይዘው ጫጩት ምን ጉልበት አለውና ይወጣል?»

«እርስዎ እንዴት ነበር የሚያውቁት?»

«እኔማ መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ላብ አይቼ ነው። የአንቺ ዓይን ገና አልለመደም። ሁለት ቴርሞሜትር ግዢ። አንዱን እንዳለ ተዪው። የሌላውን ጫፍ ውሃ የጠጣ ጨርቅ አልብሺው፣ የጨርቁም ጭራ ከውሃ አይለይ። አየሩ ከደረቀ ጨርቅ የለበሰው ይቀዘቅዛል፤ ቁጥራቸው ይራራቃል። ሲቀራረቡ እርጥበቱ ጨምሯል ማለት ነው። ድሮ ሥልጠና ላይ ነው ያሳዩን።»

«ታዲያ ውሃውን ሙልት አድርጌ ልተወው?»

«ኧረ እንዳታደርጊው! መጀመሪያ መጀመሪያ ልኩን ነው። ከበዛ እንቁላሉ ውሃውን ሳያጎድል ይቀርና ጫጩቱ ውስጡ ያብጣል፤ መተንፈሻ ያጣል። በክረምት ስንቱ እንዲያ ሞቶብኛል። መጨረሻ ላይ ነው የምታበዢው፤ መገልበጥ ስታቆሚ፣ ሊወጡ ሲሉ።»

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ከሱቅ የተረፈ ለስላሳ ነጭ ጥጥ አመጣሁና ለቴርሞሜትሩ ጫፍ ካልሲ ሰፋሁለት። በዕድሜዬ ከሰፋኋቸው ሁሉ ትንሹ ልብስ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ እንቁላል ገዝቼ ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ቀኔ ቅርጽ ያዘ። ድሮ ምሳዬን ሱቁ ደጅ ላይ እበላ ነበር፤ አሁን እቤት የሚጠብቀኝ አለና እየሮጥኩ እመጣለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አያለሁ፤ ከተራራቁ በሳህኑ ላይ እርጥብ ስፖንጅ እጨምራለሁ፣ በጣም ከተቀራረቡ አወጣለሁ። በእንቁላሎቹ አንድ ጎን የመስቀል ምልክት፣ በሌላው ክብ በእርሳስ አድርጌባቸዋለሁ፤ መስቀሉ ወደ ላይ የነበረ ክቡ ወደ ላይ ይሆናል። ስገለብጣቸው አወራቸዋለሁ። ዛሬ አንዲት ሙሽራ መጋረጃ አጠረብኝ ብላ ስታስለፈልፈኝ ዋለች፤ ዛሬ መርፌዬ ተሰበረ፤ ዛሬ ደመና ነበር፣ ግን አልዘነበም። የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ አላፈርኩም።

አንድ ቀን መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከእንቁላሉ ሥር ስይዘው ውስጡ ቀልቶ አየሁት። ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተዋል፤ መሀላቸው አንድ ጥቁር ነጥብ ተንፈራገጠ። ከላይ፣ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ቦታም እትዬ እንዳሉኝ ነው፣ ልኩን። ለሰው መንገር አማረኝ። ሱቁ ደጅ ለሚውሉት ብነግር ይስቁብኛል። ወደ እትዬ ደወልኩ።

«የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይቻልም።»

በማግሥቱም ያው ነው። በሳምንቱም ያው። አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጎረቤት፣ የልጅ ልጅ፤ ምን ያድርጉኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተጽናናሁም።

መገልበጥ ባቆምኩ በማግሥቱ፣ ለምሳ ስመጣ፣ ከአጥራችን ወዲያ ያለውን ግቢ ሲያፈርሱ ደረስኩ። አቧራው መተላለፊያውን ሞልቶታል። የመብራቱ ምሰሶ ተነቅሎ መሬት ተጋድሟል፤ አንድ ሰውዬ ሽቦውን በክንዱ ላይ ይጠቀልላል። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ማራገቢያው ጸጥ ብሏል፤ መስታወቱ ጨልሟል። ተመልሼ ወጣሁ።

«ወንድሜ፣ መብራቱ መቼ ነው የሚቀጠለው?»

«የት ነው የሚቀጠለው እናቴ? እዚህ ሰው የለም ብለውናል እኮ።»

«እኔ አለሁ።»

ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን ሽቦ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከኋላዬ የተከፈቱትን ባዶ ቤቶች አየ።

«ይቅርታ እናቴ» አለኝ። «እኛ ዕቃ እንድናነሳ ነው የተላክነው።»

እሱ ላይ ምን እጮኻለሁ? ገብቼ ከሰል አቀጣጠልኩና ውሃ ጣድኩ። የውሃ ፕላስቲኮች ሞቅ ባለ ውሃ ሞልቼ እንቁላሎቹ ዙሪያ ሰገሰግኩ፤ በጋቢ ጠቀለልኩት። አንዱን እንቁላል ጆሮዬ ላይ ሳስጠጋው ከውስጥ ጭው፣ ጭው አለ። ገና ቅርፊቱን አልነካውም፤ ውስጡ ሆኖ ነው የሚጣራው። ቀኑን በከሰል ባሳልፍ ነገስ? ከነገ ወዲያስ? የማውቀው አንድ መብራት ያለው ቤት የእትዬ ነው፤ እሱንም ልጃቸው ሲሄድ በቃል ከነገረኝ አድራሻ በቀር አይቼው አላውቅም።

ካርቶን አመጣሁ። የልብስ ስፌት ብጥስጣሽ ጎዘጎዝኩ፣ እንቁላሎቹን ደረደርኩ፣ የሞቀውን ውሃ በየጥጉ አስቀመጥኩ፣ በላያቸው ላይ ለብ ባለ ውሃ የተጨመቀ ፎጣ ዘረጋሁ። ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ሻጥ አድርጌ ካርቶኑን በጋቢ አሰርኩና እስከ መሳለሚያ ታክሲ ተራ እንደ ሕፃን አቅፌው ሄድኩ።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ እጁን ዘረጋ። «ማዘር፣ ዕቃውን ከኋላ ላድርገው።»

«አይሆንም። ጭኔ ላይ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

«የሚሰበር ነገር ነው።»

ሞላና ሄድን። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመ። ፀሐይ ቆርቆሮውን ያጋለዋል፤ ሰዉ መስኮት ከፈተ፤ ነፋሱ በቀጥታ ካርቶኔ ላይ ይመጣል። ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው «ወንድም፣ እባክህ ዝጋልኝ» አልኩት።

«በዚህ ሙቀት?» ብሎ ዞረ። ይሄኔ ከጭኔ ላይ ጭው፣ ጭው የሚል ተሰማ። ሁለት ሦስት ሰው ስልኩን አወጣና አየ።

«የእርስዎ ነው መሰለኝ፣ ያንሡት እንጂ» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

«ስልክ አይደለም» አልኩ። «እንቁላል ነው። ሊፈለፈሉ ነው። ነፋስ ካገኛቸው ይደርቃሉ።»

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ግን መስኮቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ሰዉ እያላበው፣ በጋዜጣና በመሀረብ ፊቱን እያራገበ፣ ጫጩቶቹ በጮኹ ቁጥር «ኧረ ደርሰዋል!» እየተባባለ ሄደ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጆሮዋን ካርቶኑ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ከሚኒባስ ስወርድ እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው «በሰላም ይግቡ» ብሎ ሸኝቶኝ አያውቅም። ሚኒባሷ በሯን ዘግታ ስትሄድ የማላውቀው ሰፈር መሀል ብቻዬን ቀረሁ።

ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁትና አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። አንኳኳሁ። ረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ በሩ ተከፈተ። እትዬ ከስተዋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። ከፊቴ በፊት ካርቶኑን ነው ያዩት።

«አንቺ ልጅ! መገልበጥ መቼ አቆምሽ?»

«ትናንት።»

«ግቢ፣ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ ነው!»

ስልካቸው ባልዲ ውስጥ ወድቆባቸው ኖሯል። ቁጥሬን ደግሞ በቃል አያውቁትም። «ልጄ ነገ አሠራዋለሁ ይለኛል፤ ሥራ ይበዛበታል፣ ምን ላድርገው» አሉኝ። በእኔ ቤት እሳቸው ረስተውኛል፤ በእሳቸው ቤት እኔ።

ቤቱ ውስጥ መስኮት የሌለው ጠባብ መታጠቢያ ክፍል አለ። እትዬ ከሳጥናቸው ውስጥ፣ ከልብስ መሀል፣ አንድ የሚግል የድሮ አምፖል አወጡ። ይዘውት መጥተው ኖሯል። በልጃቸው የጠረጴዛ መብራት ላይ ገጠሙት። ካርቶኑን ከሥሩ አደረግን፤ ከምድጃው የፈላ ውሃ በሳፋ አምጥተን ጥጉ ላይ አኖርን፤ እርጥብ ፎጣ ሰቀልን። ግድግዳው ላይ ያለው ሴራሚክ ላብ አወጣ። ሙቀቱ ወደ ልኩ ወጣ፤ ሁለቱም ቁጥሮች እየተቀራረቡ መጡ። እትዬ አዩና በሩን ዘጉት።

በሩ ፊት ለፊት፣ እሳቸው ዱካ ላይ፣ እኔ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጥን።

«እዚህ ሰው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሞልቷል። በሩ ተዘግቶ ነው። ልጄና ምራቴ ጠዋት ይወጣሉ፣ የልጅ ልጄም ትምህርት ቤት ናት። ሰው በደረጃ ሲያልፍ የጫማ ድምፅ እሰማለሁ። የማንኛው ጫማ የማንኛው ቤት እንደሆነ ለይቻለሁ። ፊታቸውን ግን አላውቅም።»

ከውስጥ ጩኸቱ በረከተ። ብድግ ብዬ እጀታውን ያዝኩ። እትዬ እጄን ቀጨም አደረጉት።

«እንዳትከፍቺ! አሁን ከከፈትሽ እንፋሎቱ ይወጣና የጀመሩት ሁሉ እንዳሉ ይደርቃሉ። ቢጮኹም ምንም አይሆኑም። ተቀመጪና ስሚ።»

ተቀምጬ ሰማሁ። እንዲህ እንደሆንን ልጃቸው ከሥራ ገባ። ሰላም አለኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ ወደ መታጠቢያው ሲያመራ እናቱ መንገዱን ዘጉት።

«አይቻልም።»

«ለምን እማዬ? ማን አለ?»

«ምጥ ላይ ናቸው።»

«እነማን?!»

እትዬ ወደ በሩ ጠቆሙት። ልጁ ጆሮውን አስጠጋ። የሚቆጣ መስሎኝ ባልዲው ላይ ተሸማቀቅኩ። እሱ ግን ቆሞ ቆሞ ፊቱ ፈታ አለ። ያንን ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። ከዚያ ወርዶ የታችኛውን ፎቅ በር አንኳኳና መጸዳጃ ቤት አስፈቅዶ ገባ። ሲመለስ የታችኛዋ ጎረቤት ባለቤቷን አስከትላ «እውነት ነው?» እያለች አብራው መጣች። ሻይ ቀረበ። ሳሎኑ ሞላ። እትዬ ከዱካቸው ሆነው ስለ እርጥበት ያስረዳሉ፤ ሰዉ ይስቃል፣ ይጠይቃቸዋል። እኔ ባልዲዬ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ደስ አለኝ፤ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ የምሄድበትን ግቢም አሰብኩ።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ላይ እትዬ በሩን ከፈቱ። ካርቶኑ ውስጥ የደረቁ፣ ቡፍ ያሉ፣ ቢጫና ቡናማ ጫጩቶች እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። ብዙዎቹ ወጥተዋል። ጥቂት እንቁላሎች ምንም ሳይሉ ቀሩ። አንዷ ቅርፊቷን በግማሽ ሰብራ ደክማ አገኘናት፤ እትዬ ሽፋኑን ለብ ባለ ውሃ እያለሰለሱ አወጧት። መዳፋቸው ላይ ትንሽ ተነፈሰችና ትንፋሿ ቆመ። በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኗት።

ጫጩቶቹን እዚያው ሰፈር ዶሮ የምታረባ ሴት ወሰደቻቸው። እትዬ ሊሸኙኝ ግድግዳውን እየተደገፉ እስከ ታች ወረዱ፤ ከገቡ ወዲህ ሲወርዱ ሁለተኛቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ክንዴን ይዘው ቆሙ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ እኔም ምትክ ቤት ደረሰኝ፤ ከእትዬ በተቃራኒ፣ በከተማው ሌላ ዳር። ማስፈልፈያውን በጋሪ፣ ከዚያም በመኪና አስጭኜ ወሰድኩት። የምድር ቤት ስለሆነ ማንም አልተቃወመኝም። ሰፈሩ ከመርካቶ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ የሳህኑ ውሃ ቶሎ ያልቃል፤ ልኩን እንደ አዲስ ተማርኩት። የእትዬ ስልክ ተሠርቷል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውሉልኛል፣ ቁጥሮቹን እነግራቸዋለሁ፣ «ጨምሪ» ወይም «ተይው» ይሉኛል። መገናኘቱ ግን ሦስት ታክሲ ነው። እሳቸው ደረጃው ከብዷቸዋል፤ እኔም አልፎ አልፎ ነው የምሄደው።

ጫጩቶቹን ገዢ በወሰዳቸው ማግሥት ያለው ቀን ከሁሉም ይከፋል። ቤቱ ውስጥ የላባ ሽታ ይቀራል፣ ድምፁ ይሄዳል። ያን ቀን ማሽኑን አጥፍቼ ሳህኑን አጥባለሁ፣ በር ላይ ፀሐይ ላይ አስጥቼው አጠገቡ እቀመጣለሁ። አላፊው «ደህና ዋሉ» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ዋል» እላለሁ። እንቁላል የምታመጣልኝ ሴት ሐሙስ ነው የምትመጣው።